ከቦሌ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጥርስን ለማን አምኖ መስጠት ይቻላል?

«ይህን ኢምፕላንት የሠራው የትኛው ኩባንያ ነው?»

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ወንበር ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበራቸውም። ለገና አዲስ አበባ ገብተው፣ ቦሌ አካባቢ ባለ ክሊኒክ ታችኛው መንጋጋቸው ላይ ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚቀበር የጥርስ ብሎን፣ አስተክለው ተመልሰዋል። ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ ወራት ጠብቀው፣ የቀረውን ክራውን፣ ማለትም ከላይ የሚለብሰውን ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ እዚሁ ለማስገጠም ነበር የሄዱት። ሐኪሙ ራጁን አየና የኩባንያውን ስም፣ የብሎኑን መጠን፣ የምርት ቁጥሩንና የተተከለበትን ቀን ጠየቃቸው። ከቦርሳቸው አውጥተው የሰጡት አንድ ደረሰኝ ነው፤ «የጥርስ ሕክምና» የሚል ጽሑፍ፣ የገንዘቡ ልክና ክብ ማኅተም። ሐኪሙ አገላብጦ አየውና መለሰላቸው። ምንነቱን በማላውቀው ነገር ላይ ክራውን አልሠራም አላቸው።

ወይዘሮዋ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ረዳት ነርስ ናቸው። ከክሊኒኩ ሲወጡ ያበሳጫቸው የክራውኑ መዘግየት ብቻ አልነበረም። «አገሬን ንቆብኝ ነው» አሏት ልጃቸውን። አነጋገሩም የሚያስከፋ ነበር፤ ደረሰኙን እንደያዘ «እዚያ አገር ይህን የሚሠራ ሐኪም አለ?» ብሎ ጠይቋቸዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወጣቱ ሐኪም ራጁን እያሳየ ረዘም ላለ ጊዜ አስረድቷቸዋል። በማግስቱ እሑድ ሆኖ ሳለ «እናቴ፣ እብጠቱ እንዴት አደረ?» ብሎ ስልክ ደውሎላቸዋል። እዚህ ዋናው ሐኪም ወንበራቸው አጠገብ የቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሁለቱን ሲያነጻጽሩ የትኛው ሐኪም እንደሚበልጥባቸው ለመናገር አላመነቱም።

በቀጣዩ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ነገሩ ቡና ላይ ሲነሳ ታሪክ የሌለው ሰው አልተገኘም። አንዷ አዲስ አበባ ያስሞላቻቸው ጥርሶች ዓመታት አልፈዋቸው ምንም አልሆኑም። የታክሲ ሹፌር የሆነ ሌላው ደግሞ በአንድ ሳምንት የተሠራለት ብሪጅ (በጎንና ጎን ጥርሶች ላይ የሚደገፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ሥር መግል ቋጥሮበት፣ እዚህ ሁለቱንም ተሸካሚ ጥርሶች አስነቅሏል። የአንዷ እኅት ልጅ ከለንደን ኢስታንቡል ሄዳ ሃያ ጥርስ አስሞርዳ ተመልሳለች። ሁሉም የየራሱን ታሪክ እንደ ማስረጃ አቀረበ፤ ከፊሉ «አገር ቤት ነው የሚሻለው» ሲል ከፊሉ «እዚህ ነው» አለ።

ሰው ለጥርሱ ብሎ አውሮፕላን የሚሳፈርበት ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ኢምፕላንት ከነክራውኑ ከ3,000 ዶላር በታች እምብዛም አይገኝም፤ ብዙ ቦታ ከዚያ በእጅጉ ያልፋል። አብዛኛው የጥርስ ኢንሹራንስ ግን በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ነው። ጣሪያው ካለቀ ቀሪው ከኪስ ነው። ዕድሜያቸው 65 የሞላ አባትና እናቶች የሚተማመኑበት መደበኛው ሜዲኬር ደግሞ ለጥርስ እጥበት፣ ለመሙላት፣ ለማስነቀልም ሆነ ለአርቴፊሻል ጥርስ በአብዛኛው አይከፍልም። ወይዘሮዋ መጀመሪያ የተሰጣቸው የሕክምና ዕቅድ አንድ ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና)፣ ሁለት ክራውንና አንድ ኢምፕላንት የያዘ ነበር። ድምሩን ሲያዩ ዕቁባቸው የሚወጣበትን ወር ቆጠሩና ትኬት ቆረጡ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላር ይዞ የሚገባ ሰው አቅም ጨምሯል። ያው ለውጥ ከውጭ የሚገባውን ኢምፕላንት፣ ማደንዘዣና የመሙያ ቁሳቁስ አስወድዷል፤ የአዲስ አበባ ክሊኒኮችም ዋጋቸውን ሲያስተካክሉ ቆይተዋል። ቢሆንም ልዩነቱ አሁንም ሰፊ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይም አይደለም። ሎስ አልጎዶኔስ የምትባለው ትንሽ የሜክሲኮ የድንበር ከተማ ከካሊፎርኒያ በእግር ለሚሻገሩ አሜሪካውያን የሚሠሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጥርስ ሐኪሞች አሏት። ኦስትሪያውያን ደግሞ ለዓመታት ድንበር እያቋረጡ ወደ ሀንጋሪዋ ሞሾንማጅያሮቫር ሲሄዱ ኖረዋል።

ገንዘቡ እንዳለ ሆኖ ሌላም ነገር አለ። ሕመምን በገዛ ቋንቋ መናገር ዕረፍት ነው። «ይወጋኛል»፣ «ይጠዘጥዘኛል»፣ «ቀዝቃዛ ሲነካው ነፍሴን ያወጣዋል» ለሚል ሰው፣ ሕመሙን ከአንድ እስከ አሥር በቁጥር እንዲናገር መጠየቅ ብዙ ነገር ያስቀርበታል። ቦሌ ላይ ወይዘሮዋ ሁሉንም ተናግረዋል፤ ቅርንፉድ ይዘውበት እንደነበርም ሳይቀር። ሐኪሙም አልነቀፋቸውም። ቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጂኖል የተባለው ንጥረ ነገር ሐኪሞች ራሳቸው ጥርስ ለማስታገስ በሚቀምሙት ጊዜያዊ መሙያ ውስጥ የሚገባ ነው። መፋቂያንም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት ልማዱ ባለባቸው አገሮች ሲያበረታታው ቆይቷል። ወይዘሮዋ እዚህ በመፋቂያ እንደሚፍቁ ለማንም ሐኪም ነግረው አያውቁም።

ስለዚህ የሲልቨር ስፕሪንጉ ሐኪም ጥያቄ ንቀት ሆኖ ቢሰማቸው አይፈረድባቸውም። ደግሞም «የውጭው ንጹሕ፣ የአገር ቤቱ ቆሻሻ» የሚለው አስተሳሰብ በእውነታ አይደገፍም። በመጋቢት ወር 2013 እ.ኤ.አ. ኦክላሆማ ውስጥ በቱልሳ ከተማ የአንድ የአፍ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ደንበኞች የነበሩ 7,000 ያህል ሰዎች የሄፓታይተስና የኤችአይቪ ምርመራ እንዲያደርጉ ተጠርተዋል። ተቆጣጣሪዎች የዛጉ መሣሪያዎች አግኝተዋል፤ የማምከኛ ማሽኑ በትክክል መሥራቱም ለ6 ዓመታት ሳይፈተሽ ቆይቷል። በዚያው ዓመት ሄፓታይተስ ሲ በዚያ ክሊኒክ ከአንድ ታካሚ ወደ ሌላው መተላለፉ ተረጋገጠ፤ አሜሪካ ውስጥ በጥርስ ሕክምና ቦታ እንዲህ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ውስጥ ጥርሳቸውን ለመታከም ወደ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ የሄዱ ከ60 በላይ ልጆች በጀርም ተበክለው መንጋጋቸው ድረስ ታመሙ። ጀርሙ የመጣው ከጥርስ መቦርቦሪያው ጋር በተያያዘው የውኃ ቱቦ ነበር። ሁለቱም ክሊኒኮች ፈቃድ ያላቸው ነበሩ።

እንግዲህ ልዩነቱ ያለው አገሩ ላይ ሳይሆን የእያንዳንዱ ክሊኒክ አሠራር ላይ ነው። አሠራሩን ደግሞ ታካሚ ዓይኑን ከፍቶ ካየ ብዙውን ራሱ ሊመዝነው ይችላል።

የጥርስ መንቀያ፣ መስታወት፣ መመርመሪያው ሁሉ በአንድ በኩል ወረቀት በሌላ በኩል ላስቲክ በሆነ ከረጢት ታሽገው ነው አውቶክሌቭ ውስጥ የሚገቡት። ከረጢቱ ላይ ትንሽ ምልክት አለች፤ ሙቀትና እንፋሎት በደንብ ካገኛት ቀለሟ ይለወጣል። ንጹሕ ክሊኒክ ይህን ከረጢት ታካሚው እያየ ይቀደዋል። ከጠረጴዛ መሳቢያ ወይም ከፈሳሽ ውስጥ የወጣ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሐኪም ግን ሊጠየቅ ይገባል፤ በአልኮል ማጠብም ሆነ ማፍላት ሁሉንም ጀርም አይገድልም። ማሽኑ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ ለጥቂት ደቂቃ መቆየት አለበት። የቀለም ምልክቷ ብቻ ደግሞ አትበቃም። ሲዲሲ በሚል አጠራሩ የሚታወቀው የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ማሽኑ ጠንካራ የጀርም ዘር ገብቶበት ቢያንስ በሳምንት አንዴ እንዲፈተሽ ይመክራል፤ በቱልሳው ክሊኒክ ለዓመታት የቀረው ይህን የመሰለ ፍተሻ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ጥያቄ ተጨማሪ ክብደት አለው። መብራት ሲጠፋ የማምከኛው ዑደት ይቋረጣል፤ የተቋረጠ ዑደት ከመጀመሪያው ካልተደገመ እንደ አልተደረገ ይቆጠራል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ክሊኒኩ ከየት እንደሚቀዳ፣ ለቀዶ ሕክምናው የተለየ ንጹሕ ፈሳሽ እንደሚጠቀም ማወቅ ያስፈልጋል። ጄኔሬተርና የውኃ ታንከር ያላቸው፣ ይህን ሁሉ በመዝገብ የሚይዙ ክሊኒኮች አሉ። ለሚጠይቃቸው ሰው በደስታ ያሳያሉ። ችግሩ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ አለመገኘቱ ነው።

እኛ ዘንድ ሐኪም አይጠየቅም። ካርድ ይወጣል፣ ተራ ይጠበቃል፣ ከተባለው በላይ ምንም አይነገርም። «መሣሪያው መክኗል?» ብሎ መጠየቅ ሐኪሙን እንደ መስደብ ይቆጠራል፤ ይሉኝታው ከጥርስ ሕመሙ ይብሳል። ሐኪም ሲመረጥም የሚያስመርጠው የዘመድ ጥቆማ ነው፦ «እገሌ እጁ ቀላል ነው፣ ሲነቅል አይታወቅም»። ጥቆማ ከንቱ አይደለም፤ የሐኪሙን ጸባይና ትዕግሥት ይናገራል። ስለ ማምከኛው ማሽን ግን አይናገርም።

እዚህ ደግሞ የሚመርጠው ኢንሹራንሱ ነው። ስም ዝርዝር ይላካል፣ ለቤት የሚቀርበው ይመረጣል፤ የሜሪላንድ ወይም የቨርጂኒያ የጥርስ ሕክምና ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ የሐኪሙን ፈቃድና የዲሲፕሊን ውሳኔ ካለበት ያንን ማየት በደቂቃዎች የሚያልቅ ሥራ ሆኖ ሳለ የሚያየው ጥቂት ነው። እዚያ በዘመድ፣ እዚህ በዝርዝር ተመርጦ፣ የታካሚው ዝምታ ግን አንድ ነው።

የጥርስ ሕክምና ንጽሕናና ደኅንነት ላይ የሚሠራው፣ ቀድሞ ኦሳፕ ይባል የነበረው ድርጅት ለመንገደኞች ያዘጋጀው መመሪያ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፤ በአማርኛም በትሕትና ሊጠየቁ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ ጓንትና አዲስ መርፌ ትጠቀማላችሁ? መሣሪያው በእንፋሎት ወይም በደረቅ ሙቀት ነው የሚመከነው? መቦርቦሪያው ራሱስ ከታካሚ ታካሚ ይመከናል? ለቀዶ ሕክምና የምትጠቀሙት ውኃ የመከነ ነው? በእነዚህ ላይ አንድ ሊጨመር ይገባል፦ የማደንዘዣዋ ብልቃጥ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራች ናት፣ ከአንዱ የተረፈችው ለሌላው አትሰጥም። «ይቅርታ፣ እኔ ስለምፈራ ነው፤ ከረጢቱን እኔ ፊት ቢከፍቱልኝ» ማለት ማንንም አያስቀይምም። በዚህ የሚቆጣ ሐኪም ካለ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

የወይዘሮዋ ጉዳይ የተፈታውም በመጠየቅ ነው። ልጃቸው አዲስ አበባ ላለችው የአክስቷ ልጅ ደወለች። እሷም በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ክሊኒኩ ሄደች። የወይዘሮዋ ፋይል ተጎትቶ ሲወጣ፣ ኢምፕላንቱ ከመጣበት ማሸጊያ የተላጠች ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት የመጨረሻው ገጽ ላይ ተለጥፋ ተገኘች። የደቡብ ኮሪያ ምርት ነው፤ ስሙ፣ ስፋቱና ርዝመቱ በሚሊሜትር፣ የምርት ቁጥሩ፣ ሁሉም አለ። ከጎኑ በሐኪሙ የእጅ ጽሑፍ ቀኑና የተተከለበት ጥርስ ቁጥር ሰፍሯል። ፎቶው በቴሌግራም ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ። «ከመጀመሪያው ብትጠይቁን ኮፒ እንሰጣችሁ ነበር» አለች የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ። ቦሌ ያለው ሐኪም ሥራውን በሚገባ ሠርቶ በሚገባ መዝግቧል፤ ወረቀቱን ለታካሚዋ አብሮ መስጠት ግን የክሊኒኩ ልማድ አልነበረም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ሐኪም ፎቶውን ካየ በኋላ አላመነታም፤ የሚገጥመውን ክፍል አዝዞ ክራውኑን ሠራ። ጥያቄው ከንቀት ብቻ የመጣ እንዳልነበረ ለወይዘሮዋ የገባቸው ያኔ ነው። ብዙው ኩባንያ የራሱ የብሎን ቅርጽና የራሱ መፍቻ አለው። አንዱ ላይ የሌላው ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ በግድ ቢገጠም ብሎኑ ሊላላ ወይም ሊሰበር ይችላል፣ አጥንት ውስጥ የተሰበረ ኢምፕላንት ደግሞ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። አነጋገሩ ይጎዳል፣ ጥያቄው ግን ትክክል ነበር።

ወይዘሮዋ አንድ ነገር በደንብ አድርገዋል፤ አልቸኮሉም። የቲታኒየም ኢምፕላንት ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ያስተዋለው ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. በጎተንበርግ የመጀመሪያውን ሰው አክሟል፤ እሱ ካወጣው ሥርዓት ዋናው ትዕግሥት ነበር፦ ለታችኛው መንጋጋ 3 ወር፣ ለላይኛው 6 ወር ያህል መጠበቅ። ዛሬ አንዳንዱ ታካሚ ላይ ጊዜው ሊያጥር ይችላል፤ ያን የሚወስነው ግን የአጥንቱ ሁኔታ እንጂ የመመለሻ ትኬቱ ቀን አይደለም። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዞ የሚገባ ዲያስፖራ ግን «እስከምሄድ ጨርሱልኝ» ይላል። ሐኪሙም ዘመድ የላከውን እንግዳ ላለማስከፋት እሺ ይላል። የታክሲ ሹፌሩ ብሪጅ የተበላሸው እንዲህ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጥርስ ሩት ካናሉ ተረጋግቶ መዳኑ ሳይታይ፣ በበረራው ዋዜማ ተሸፈነ።

ችኮላው ከሁሉ የሚከፋው ጤነኛ ጥርስ ላይ ነው። ኢስታንቡልና አንታሊያ ውስጥ በአንድ ሳምንት ነጭ፣ እኩልና የተደረደረ ጥርስ የሚሰጡ ክሊኒኮች ማስታወቂያ የአዲስ አበባንም የለንደንንም ወጣት ስልክ ሞልቶታል። ማስታወቂያው ስስ ሽፋን ይላል፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ግን ሙሉ ክራውን ነው። ለሙሉ ክራውን ጥርሱ ዙሪያውን ሲሞረድ ከሚታየው አካሉ ግማሽ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ የተሞረደ ጥርስ ደግሞ አይበቅልም። ክራውን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት አገልግሎ ይለወጣል፤ በ25 ዓመቷ ሃያ ጥርስ ያስሞረደች ልጅ በሕይወት ዘመኗ ይህን ወጪ ደጋግማ ትከፍላለች።

ይህ ጥርስን ሞርዶ የመሸፈን ነገር ከወንጂ፣ ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ የመጡ ልጆችን በተለይ ይነካል። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ወሰን በብዙ ቦታ እጅግ ያልፋል። ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ በልጅነት የተጠጣው ውኃ ቡናማ አድርጎ ያወጣዋል፤ አለመፋቅ አይደለም። ውጭ አገር ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «አፍህን አትጠብቅም» የተባሉ፣ በዚያ አፍረው ሳቃቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ብዙ ናቸው። ቡናማ ስለሆነ ብቻ ግን ጥርሱ ደካማ ነው ማለት አይደለም። የቀለሙ ለውጥ መለስተኛ ከሆነ በማንጣት፣ ከላዩ በስሱ በመፋቅ ወይም ፊቱን ብቻ በስስ ሽፋን በማልበስ ይሻሻላል። ሁሉንም ሞርዶ ክራውን ማልበስ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም፤ ሌላ ሐኪም ሳያማክሩ እሺ ማለት አይገባም።

ሐኪም ሊጠየቅ እንደሚገባው ሁሉ ሊነገረውም ይገባል። በሰው ሠራሽ የተተካ የልብ ቫልቭ ያለው ሰው ከጥርስ ማስነቀል በፊት ፀረ ባክቴሪያ መውሰድ ይኖርበታል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ስኳር ያለበት፣ ለአጥንት መሳሳት በክኒን ወይም በመርፌ የሚታከም ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ለአጥንት መሳሳቱ የሚሰጠው መድኃኒት ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋ አጥንት እንዳይድን ሊያደርግ ይችላል። የመድኃኒቶቹ ስም ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ በሻንጣ ይያዝ። የሰሜን እናቶች ደግሞ ድዳቸውን ተነቅሰው እንደሆነ እዚህ ላለው ሐኪም ቀድመው ይንገሩ። ንቅሳት አይቶ የማያውቅ ሐኪም ጠቆር ያለ ድድ ሲያይ ካንሰር ጠርጥሮ ሥጋ ቆርጦ ለምርመራ ሊልክ ይችላል፤ ንቅሳት መሆኑን የሚያውቅ ግን አይቶ ያልፈዋል።

ቤሩት፣ ሪያድና ዱባይ በቤት ሠራተኝነት ላሉ እኅቶች ደግሞ ይህ ሁሉ ንጽጽር ሩቅ ነው። ሐኪም ቤት የሚሄዱት አሠሪያቸው ሲፈቅድ ነው፤ ጥርሳቸውን ለብዙ ዓመት በፓናዶል አቆይተው አገር ሲገቡ ያስነቅላሉ። በእስራኤል ያሉ ቤተሰቦች ግን የተሻለ በር አላቸው፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የልጆች ጥርስ ሕክምና ደረጃ በደረጃ ወደ ሕዝብ ጤና መድኑ እንዲገባ ተደርጓል።

ዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረውም ቢሆን ከክሊኒኩ ዋጋና ከአውሮፕላን ትኬቱ መሃል ሌላ መንገድ አለ፤ የሚያሳዝነው ብዙዎቻችን አለመስማታችን ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ዋሽንግተን መሃል ይገኛል። ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ትምህርት ቤት ደግሞ በ1840 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነው። በሁለቱም ተማሪዎች በመምህራን ቁጥጥር ሥር ያክማሉ፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ዋጋው ግን ከግል ክሊኒክ ያነሰ ነው። ስፕሪንግፊልድ ያለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጥርስ በአነስተኛ ክፍያ ያጥባል። በገቢ ልክ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችም አሉ።

የጥርስ ሕክምና የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በዚሁ በሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ በየካቲት ወር 2007 እ.ኤ.አ. ዲያሞንቴ ድራይቨር የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ከአንድ ጥርሱ የተነሣ ኢንፌክሽን አንጎሉ ገብቶ ሞተ። በ80 ዶላር ሊነቀል ይችል የነበረ ጥርስ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬይድ፣ ለቤተሰቡ ተቋርጦ ነበር። ሜሪላንድ የልጆችን የጥርስ ሕክምና ያስተካከለችው ከዚያ ሞት በኋላ ነው፤ ለአዋቂዎች ደግሞ ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2021፣ ሜሪላንድ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሜዲኬይድ የጥርስ ሽፋን ሰጥተዋል።

ታዲያ የት መታከም ይሻላል? ወይዘሮዋ አሁንም አዲስ አበባ ያለውን ሐኪማቸውን ይመርጣሉ፤ የሚያምኑት እሱን ነው። ምርጫቸው አይናቅም። ለእጥበት፣ ለመሙላትና ለተራ ማስነቀል ንጽሕናውን የሚያሳይ የአገር ቤት ክሊኒክ ከየትኛውም አያንስም። ኢምፕላንት፣ ብሪጅና ብዙ ክራውን ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ለዓመታት የሚያየው ሐኪም ይፈልጋል፤ ያ ሐኪም የሚኖረው ታካሚው በሚኖርበት ከተማ ነው። ሁለቴ ተመላልሶ መታከም የሚችል፣ እዚህ የሚከታተለው ሐኪም ቀድሞ የተስማማለት ሰው አዲስ አበባ ቢያሠራ አይጸጸትም። በአንድ ዕረፍት ሁሉንም ልጨርስ የሚል ግን የትም ቢሄድ ያው ችግር ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዚህ ራጅ ተነሡና ኮፒውን ያዙ፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባታችሁን አጠናቁ። ከክሊኒኩ ስትወጡ የተሠራላችሁን ዝርዝር፣ ራጁንና የተጠቀሙትን ዕቃ ስም በጽሑፍ ተቀበሉ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ሜዲኬይድ ካላችሁ ካርዱ ላይ ያለውን ስልክ ዛሬ ደውሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ በአማርኛም ይቀርብላችኋል። የጥርስ ሽፋናችሁ ምን ምን እንደሚያካትት፣ ከቤታችሁ አቅራቢያ ማን እንደሚቀበል ጠይቁ፤ ለወላጆቻችሁም ጠይቁላቸው።